የአገረ ገዥው ጠበቃ

ለሪፐብሊካን ጥብቅና የቆመ ሐበሻ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ኦክላንድ አጠገብ ያለችው የካስትሮ ቫሊ ነዋሪ፣ ጋሽ መኮንን። የካሊፎርኒያው አገረ ገዥ አቋም በቀየሩ ቁጥር ለኦክላንድ ሐበሻ ቤት ለቤት እየዞሩ የማስረዳቱ ሥራ የእሳቸው ነበር።

ገዥው በስደተኛ ላይ አቋማቸውን ሲያከርሩ፣ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ፣ "እኛንም ሊያባርሩን ነው?" ብለው ጠየቋቸው።

"ኧረ ሞደሬት፣ ለዘብተኛ ናቸው! ለምርጫ ብለው ነው" አሉ ጋሽ መኮንን፤ በሩን ግን ሄደው ቆለፉት።

ገዥው ለፕሬዚዳንትነት ተነሡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ከውድድሩ ወጡ። እኔም ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ጋሽ መኮንን እየሳቁ በሩን ከፈቱልኝ።

"አይዞዎት ጋሼ" አልኳቸው።

"የምን አይዞዎት! ሰውየው አረፉ፤ እኔም አረፍኩ።"

"እኔስ ብትል፣ ልጄ!" አሉኝ እትዬ አልማዝ ከውስጥ። "ዛሬ ገና ባሌ ቤቱ ገባ።"