ሳልጠየቅ የደፈንኩት ወለል

አሮጌ ጫማና አሮጌ መኪና አንድ አይደሉም። ጫማው የተቀደደበት ሰው እግሩን ወንበር ስር ሸሸግ አድርጎ ወሬውን ይቀጥላል። የሚኒባስ ወለል ሲቀደድስ የት ይሸሸጋል? ተሳፋሪው ሁሉ በቀዳዳው ቁልቁል መንገዱ ወደ ኋላ ሲሮጥ እያየ፣ ባለቤቱ መሪውን ጨብጦ ስለ አየሩ ጠባይ ያወራል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አውርቻለሁ። የጅጅጋን ሰማይ እንደ እኔ ያሞገሰ ሹፌር ያለ አይመስለኝም።

ዝገቱ የጀመረው ከኋላ ጎማው በላይ ነው። መጀመሪያ ቀለሙ አበጥ አበጥ አለ፤ በጣቴ ነካ ሳደርገው ረገፈ። ከዚያ ወደ ወለሉ ወረደ። ጅጅጋ ደረቅ አገር አይደለም ወይ፣ ዝገት ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። ሥራዬ ነዋ ያመጣው። በየማለዳው ከቱሊ ጉሌድ ስድስት የግመል ወተት ነጋዴ ሴቶችን ከነጀሪካናቸው ወደ ጅጅጋ ገበያ አደርሳለሁ። ጀሪካኑ ያፈስሳል፣ የተጠቀለለበት እርጥብ ጆንያ ያንጠባጥባል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ በባልዲ ውሃ አጥባለሁ። ላሜራው ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሲጠጣ ኖሮ አንድ ቀን እጅ ሰጠ። ሌላው ተሳፋሪ አዳዲሶቹን መኪናዎች ስለሚመርጥ የእኔ እንጀራ እነዚህ ስድስት ሴቶች ናቸው። እነሱ ከቀሩ ሚኒባሷ ግቢ ትቆማለች፣ እኔም አጠገቧ እቆማለሁ።

የሴቶቹ አለቃ ኤዶ ሮዳ ናቸው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ አያቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ ከቀረ ጀምሮ በቤታችን ትልልቅ ሴቶችን የምንጠራው እንዲህ ነው። ኤዶ ሮዳ በመኪናዬ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ሥልጣን አላቸው። ማን የት እንደሚቀመጥና የማን ጀሪካን የት እንደሚውል የሚደለድሉት እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ትልቁ ጀሪካን ሁልጊዜ ትልቁ ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል፤ የሌሎቹ ደግሞ እንደ ዕድሜያቸው በየትንንሾቹ ቀዳዳዎች ላይ። እኔ ይህን በመስታወት እያየሁ ምን ብዬ የተረጎምኩት ይመስላችኋል? ጨዋነት ብዬ። እነዚህ የተከበሩ ሴቶች ገመናዬን በጀሪካናቸው እየሸፈኑልኝ ነው አልኩ። አንዳንድ ማለዳ ልቤ እስኪነካ ድረስ አመሰገንኳቸው፤ በሆዴ ነው ታዲያ። አፍ አውጥቼ ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

እናም ውለታቸውን ልመልስ ወሰንኩ። መኪናዋ ትንሽ ታማለች፣ ሁለት ቀን ታገሡኝ አልኳቸውና ወደ ጋሽ ተሾመ ጋራዥ ነዳሁ። ጋሽ ተሾመ ዕድሜውን በመንግሥት ጋራዥ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ላሜራ ሠሪ ነው። መኪና ሲመጣለት አይቸኩልም። በመዶሻው እጀታ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ኳ ኳ እያደረገ ያዳምጣል፤ ደኅናው ላሜራ ይጮህለታል፣ የዛገው ያጉረመርምበታል። የእኔ ሚኒባስ ከሹፌሩ ወንበር ጀምሮ እስከ ኋላ በር አጉረመረመች። ጠመንጃ መፍቻውን ጫን ቢያደርገው እስከ እጀታው ገባ። ቀና ብሎ አየኝና ሰውና ወተት ስትጭን የኖርከው በዚህ ላይ ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ። ስለ አየሩ ጠባይ ልጀምርለት ነበር።

ሥራው ግን ሥራ ነው፤ ሐቁን መናገር አለብኝ። ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገ። የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለና ከሞተ መኪና ጣሪያ የተቆረጠ ላሜራ በየደበት። የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በሲሊኮን ሞላ፣ ከስር ሬንጅ ለጠፈ። በመጨረሻ አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ አፈሰሰና ከስር ገብተህ ተመልከት አለኝ። በጀርባዬ ተኝቼ ጠበቅሁ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አልደብቃችሁም፤ በትምህርት ቤት ውጤቴ እንኳን እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ቱሊ ጉሌድ ደርሼ በሩን እንደ ሙሽራ ቤት በረገድኩት። ኤዶ ሮዳ ገቡ፣ ጀሪካናቸውን ሊያስቀምጡ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ። ወለሉን በእግራቸው መታ መታ አደረጉት። ይሄ ምንድነው አሉኝ። ለእናንተ ክብር ስል ነው፣ አሁን እንኳን አቧራ ነፋስም አያልፍም አልኩ። ማሻአላህ አሉና ተቀመጡ። አምስቱም በየተራ ማሻአላህ እያሉ ተቀመጡ። እስከ ጅጅጋ ድረስ አንድም ቃል አልተሰማም፤ እኔም በአድናቆት ነው ብዬ በደስታ ነዳሁ።

ገበያ ስንደርስ አንዲት ደንበኛ እንደ ልማዷ በመዳፏ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። ወተቱ ኮምጧል። የኤዶ ሮዳ ብቻ ሳይሆን የስድስቱም ኮምጧል። ሙቀት ስለበረታ ነው ብዬ አጽናናኋቸው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ እኔም ሙቀቱን በድጋሚ ወቀስኩት። በሦስተኛው ቀን ቱሊ ጉሌድ ቆሜ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ፣ አንድም ሴት አልመጣችም። ባዶዬን ስመለስ ፍየል የጫነ ክፍት የጭነት መኪና ቀድሞኝ አለፈ። በፍየሎቹ መሐል ስድስት ሴቶች ጀሪካናቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ኤዶ ሮዳ እጃቸውን አውለበለቡልኝ፤ የተቀየመ ሰው ሰላምታ አልነበረም። ይኸው ነው የበለጠ ያስደነገጠኝ። ከፍየል ያነስኩት በምንድነው?

ገበያ ድረስ ተከትያቸው ሄድኩና ኤዶ፣ ምን በደልኳችሁ ብዬ ጠየቅሁ። ኤዶ ሮዳ ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ጆንያውን የምናርሰው ለምን ይመስልሃል አሉ። እርጥቡ ጆንያ ከስር ነፋስ ሲያገኝ ወተቱ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። ቀዳዳዎቹ ባሉበት ወገን ደግሞ የመኪናው ጭስ አይደርስም፤ ይህንን እሳቸው ገና በመጀመሪያው ሳምንት መርምረው ለይተዋል። መስኮት መክፈትስ አይበቃም ወይ ብላቸው፣ የመስኮት ነፋስ የአንተን ፀጉር እንጂ የጀሪካኑን ሆድ አያገኝም አሉ። ወላሂ፣ አሉ ቀጥለው፣ እኛ እኮ ለሰው ሁሉ እናወራ ነበር፤ አንድ ሹፌር አለን፣ ለወተታችን ብሎ ቀዳዳውን ሳይደፍን የተወልን፣ አሳቢ ሰው ነው እያልን።

ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ እነሱን ጨዋ ስል፣ እነሱ እኔን አሳቢ ሲሉ ኖረናል። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር፤ ወተቱ ግን በሰላም ይደርስ ነበር። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ያ ሳይገባኝ የተሰጠኝ ስም እንደሄደ ሳስበው አዘንኩ።

ወደ ጋሽ ተሾመ ተመልሼ ቀዳዳዎቹን ክፈትልኝ አልኩት። መዶሻውን አስቀመጠ። በአርባ ዓመት ሥራዬ፣ አለ፣ ደኅና ወለል ብሳልኝ ያለኝ ሰው የለም። ብዙ ለመንኩት። በመጨረሻ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ነውና ማመልከቻ ጻፍ አለኝ። ቀዳዳው በባለንብረቱ ፍላጎት የተከፈተ መሆኑን፣ ቴክኒሻኑም በቃል ያስጠነቀቀ መሆኑን ጽፌ ፈረምኩ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ቀዳዳው የቱ ጋ ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሄጄ ኤዶ ሮዳን ይዤ መጣሁ። ጠመኔ ተቀብለው ስድስት ክብ አሰመሩ፣ የራሳቸውን ትንሽ ሰፋ አድርገው። ጋሽ ተሾመ ክቦቹን ቆርጦ ጠርዛቸውን አጠፈና የብረት ወንፊት በየደባቸው። እንዳይዝጉም ቀባቸው፤ ያለዚያ እጁ እሺ አይለውም።

ሥራው ሲያልቅ እስከ መንገዱ ጫፍ ነድተን ተመለስን። ኤዶ ሮዳ እጃቸውን ትልቁ ቀዳዳ ላይ ዘርግተው ነፋሱን ለኩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ነገ እንመጣለን አሉ። ደስታዬን ልገልጽ አፌን ስከፍት ግን በጣታቸው አስቆሙኝ። ወላል፣ አሉ ወንድሜ ለማለት፣ ሌላ ጊዜ መኪናውን ልታሠራ ስታስብ መጀመሪያ ለባለቤቶቹ ንገር።

ሊብሬው ላይ ስሜ የተጻፈው እኔ፣ ይቅርታ ጠይቄ ሁለተኛ እንደማይለምደኝ ቃል ገባሁ።