ተቃውሞ በትእዛዝ

ወታደርን ሁለተኛ ዲግሪ አስተምራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በደርግ ዘመን በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን እየወጣሁ፣ በጦር ሰፈር አዳራሽ መኮንኖችን አስተምሬአለሁ። ብርዱን ለመድኩት፤ ያልለመድኩት ዝምታቸውን ነው። አዛዣቸው ኮሎኔልም አብረዋቸው ይማሩ ስለነበር፣ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ማን ደፍሮ አፉን ይከፍታል?

አንድ ቀን ኮሎኔሉ ጥናታቸውን አቀረቡ። “የሚቃወም ከሌለ ለማናችሁም ማርክ አልሰጥም” አልኩ። ሁሉም ኮሎኔሉን አዩ። ኮሎኔሉ ጨነቃቸውና ወደ አንድ ሻምበል ዞሩ።

“ሻምበል፣ ተቃወመኝ!”

“እሺ፣ ጓድ ኮሎኔል!” ብሎ ሻምበሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሲጀምር በየዓረፍተ ነገሩ “ይቅርታ” ይል ነበር፤ ወዲያው ግን ሞቀውና የአለቃውን ሐሳብ አንድ በአንድ ናደው። እኔ በደስታ ላጨበጭብ ስል ኮሎኔሉ ጠረጴዛውን መቱት።

“ተቃወም አልኩህ እንጂ አሸንፍ አልኩህ?”