ቡሬ አማች አታውቅም

ከተማ የኖረ ሰው ውሃ ሲያይ ቤት መሥራት ያምረዋል። ውሃ ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ቤቱን ኮረብታው ላይ ይቀልስና ውሃውን ከሩቅ ሰላም ይለዋል። ይህን ልዩነት እኔ ያስተዋልኩት ቤቱን ከሠራሁ በኋላ ነው። ከመሥራቴ በፊት ቢሆን ኖሮማ ምን ወግ ይኖረኝ ነበር? ብልህ ሰው የሚያወራው ነገር የለውም፤ ወግ የእኛ የቸኳዮቹ ሀብት ነው።

ነቀምት ውስጥ፣ ቡርቃ ጃቶ፣ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥስና ሲያስል የሚውል ሞተር እየሰማሁ ነው የምኖረው። አያቴ ከጎጃም መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አገባሁ። ባለቤቴ ለሊሴ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር የመጣች ናት። ከመንደሩ ግርጌ ግድብ ያቆረው ሐይቅ አለ። ከሠርጋችን በኋላ መጀመሪያ እዚያ የሄድኩ ቀን ጆሮዬ ዝም ያለ ነገር ሰማ። እዚች ቦታ ጎጆ ቢጤ ብትኖረን፣ ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዘን ብንመጣ እያልኩ ማለም የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

አማቴ፣ የለሊሴ አባት ኦቦ ደቻሳ፣ ምኞቴን ሰሙ። እዚህ አገር አማች፣ እነሱ እንደሚሉት ሶዳ፣ ቀላል ሰው እንዳይመስላችሁ። ሶዳ ሲመጣ ወንበር ይወለወላል። ሶዳ ሲናገር ሳል ያለበት ሰው እንኳ ሳሉን ይውጣል። እኔ በጾም ከሄድኩ፣ እነሱ ፕሮቴስታንት ሆነው ሳለ፣ ዓይኔ እንዳያይ ብለው እርጎውን ጓዳ ይደብቁታል። ሶዳን እምቢ ማለት፣ ሶዳን ማሳፈር፣ ሶዳን ማረም የሚባል ነገር የለም። እናም ኦቦ ደቻሳ፣ መሬት አይሸጥ አይለወጥ፣ የልጄ ድርሻ ግን ከይዞታዬ አለና ዓይንዎ ያረፈበትን ያሳዩኝ አሉኝ። አዎ፣ እርስዎ ነው የሚሉኝ፤ በልጃቸው ዕድሜ ያለሁትን ሰው።

ጊዜው መስከረም ነበር። ለሊሴ ሁለተኛ ልጃችንን ወልዳ ከተማ አራስ ቤት ነበረች፤ ብቻዬን ሄድኩ። ዓይኔ ዞሮ ዞሮ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? ከኮረብታው እስከ ውሃው ድረስ በቀስታ የሚወርድ ሰፊ ሜዳ ላይ። ግራው ረግረግ ነው፣ ቀኙ ገደል፤ መሐሉ ግን አንድ ሰው ለእኔ ብሎ የደለደለው ይመስል ነበር። ሣሩ አጭር፣ አፈሩ የጠጠረ። እግዜር ለሰው ሲያዘጋጅ እንዲህ ነው አልኩና በጣቴ አመለከትኩ። ኦቦ ደቻሳ ሜዳውን አዩ፣ አብረውን የነበሩትን ጎረቤቶች አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሃ ታኡ፣ ይሁን አሉ። ጎረቤቶቹም ሃ ታኡ አሉ። እኔ ይህን ምርቃት ብዬ ነው የወሰድኩት።

ያ ሁሉ ቦታ ለምን ባዶ ሆኖ ቆየኝ ብዬ አልጠየቅኩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ለመልቀም እንኳ ገና ነበርኩ። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ወደ ሐይቁ የዞረ በረንዳ። ከሱቄ ደንበኞች ፊት ቪላዬ እያልኩ ነው የምጠራው። ቀጥሎ አጥር አስፈለገኝ፤ ከረግረጉ እስከ ገደሉ ድረስ በባሕር ዛፍ እንጨትና በሽቦ ዘጋሁት። እንጨቱን ከእኔ ጋር ሲተክሉ የዋሉት ማን ናቸው ብትሉኝ ኦቦ ደቻሳ ናቸው። አንዱን እንጨት ላላ አድርጌው ነበርና፣ ይኸ አይጠብቅም ብለው ነቅለው እንደገና አጥብቀው ተከሉልኝ።

ስለ ኑሮው ካነሳን እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይላል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ቅዳሜ በማለዳ ባጃጅ እስከሚገባበት እንሄድና የቀረውን በእግር እንጨርሰዋለን። በክረምት ሐይቁ ወጥቶ እስከ አጥሩ ይቀርባል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከልጆቹ ጋር አንድ ጋቢ ውስጥ ገብተን እሸት በቆሎ እየጠበስን እንበላለን። በመስከረም ማዶው ሁሉ ቢጫ ይሆናል። በበጋ ውሃው ሸሽቶ ይርቃል፣ ልጆቹ በተሰነጣጠቀው ጭቃ ላይ ሲሯሯጡ ይውላሉ፤ ለሊሴ አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራሥር ቀቅላ በረንዳው ላይ ታቀርባለች። ከተማ ውስጥ ስንት ቀን ሳንነጋገር እንደምንውል የገባኝ እዚያ ቁጭ ብለን ስናወራ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። ኦቦ ደቻሳ ቤቴ አይገቡም። በክረምት እርሻ ላይ ናቸውና ይሁን። በበጋ ግን ሁልጊዜ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ አቧራ ለብሰው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ ከጋራው ሥር ብቅ ይላሉ። ከብቶቻቸውን ወዲያ ርቀው ያቆማሉ። አጥሩ ጋ መጥተው ነጋ፣ ፋያ ብለው የሁላችንንም ደኅንነት በየተራ ይጠይቃሉ፣ ቤቱን ይመርቁታል፣ ይሄዳሉ። ይግቡ እላለሁ፤ ሌላ ቀን ይላሉ። ወንበር አውጥቼ እጠብቃቸዋለሁ፤ ሌላ ቀን። አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተው። ቤት ሠርቶ አባት ያልገባበት ሰው ቤቱ ያለቀ አይመስለውም፤ እኔም ከአማቴ የፈለግኩት እንደ አባት ገብተው እንዲቀመጡልኝ ነበር። ሳይገቡ ሲመለሱ ከፋኝ።

ሰው ሲከፋው ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል። የጎጃሜ ልጅ መሆኔ ይሆን? ማተቤ ይሆን? በሠርጋችን ቀን ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን? ለሊሴን ስጠይቃት ፊቷን ታዞርና ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ተዋቸው ትላለች። ያመመው ጉልበት እንዴት ጋራ ሲዞር ይውላል? ብዬ ብጠይቅ ልጁን አስተኛ ብላ ትነሳለች። እኔ በበኩሌ ቤቱ አላማራቸው ይሆናል ብዬ አጥሩን አንድ ረድፍ ሽቦ ጨመርኩበት።

ሁለተኛው በጋ ላይ፣ በጥር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ በረንዳው ላይ ተቀምጠን አንጮቴ እየበላን ነበር። የአጥሩ እንጨት ሲሰበር ሰማን። ቡሬ የምትባል የኦቦ ደቻሳ አሮጊት ዥጉርጉር ላም ደረቷን አስቀድማ ገባች። እኛን እንዳላየ ሰው አልፋን፣ ለሊሴ የዘራቻቸውን አበቦች ረግጣ፣ በታች በኩል ያለውን አጥር ደግሞ ጥላ በቀጥታ ወደ ውሃው ወረደች። ጠጣች፣ ጠጣች። ከዚያ በዚያው መንገድ ተመልሳ በረንዳው ጥላ ሥር ጋደም አለችና ማመንዠክ ጀመረች። እንዲህ ያለ የባለቤትነት ስሜት እኔ ራሴ በዚያ ቤት ውስጥ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ትንሽ ቆይቶ ኦቦ ደቻሳ እያነከሱ ደረሱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል። በዚያ ዕድሜያቸው ከፊቴ ቆመው ዺፈማ፣ ይቅርታ ይሉኝ ጀመር። እርጅና ነው አሉ፣ መንገዱ ጠፍቷት ነው። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቅሮ ነበር። እኔ ምንም አይደል እያልኩ ስደነጋገር አባቷን ስታይ ወደ ውስጥ ገብታ የነበረችው ለሊሴ ሳቋ ተሰማ። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ሳቋ ቆየና ወደ ልቅሶ ዞረ። አባቷ ቡሬን እየጎተቱ ሲሄዱ ጠብቃ ነው የነገረችኝ።

ቤታችን የቆመው የመንደሩ ላም መንገድ ላይ ነው። ውሃው ገና ወንዝ ከነበረበት ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ ከብቱ በበጋ ውሃ የሚወርደው በዚያ ሜዳ ነበር፤ ሌላው ረግረግና ገደል ነው። ያ አንድ ሰው የደለደለው የመሰለኝን ሜዳ የደለደለው የከብት ኮቴ ነው። በክረምት ከብቱ ያገኘውን ኩሬ ስለሚጠጣ፣ በመስከረም መንገዱ ሣር ለብሶ ነበርና አላወቅኩም። አጥሬ ከቆመ ወዲህ ኦቦ ደቻሳ በዚያ ጉልበታቸው ከብታቸውን ጋራውን አዙረው ማዶ ነው የሚያጠጡት። ከብቶቹን ርቀው የሚያቆሙት ቀርበው የለመዱትን መንገድ ካሸተቱ አይመለሱላቸውማ። ቤቴ ቢገቡ ማን ይጠብቅላቸዋል? ኦቦ ደቻሳ የቻሉትን ቡሬ አልቻለችም፤ እሷ መንገዱ የጠፋት ሳትሆን መንገዱን መርሳት ያቃታት ናት። ላም ደግሞ አማች አታውቅም።

አንቺስ መቼ አወቅሽ? አልኳት። ከአራስ ቤት ወጥታ ጣሪያውን ያየች ዕለት። ለምን አልነገርሽኝም? እናቷ ከልክለዋት ነው፤ ሶዳ አያሳፍሩም ብለው። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለው ለእነሱ ነው። እሳቱ ማን እንደሆነ ልነግራችሁ አልፈልግም።

ቤቱን አፈርሰዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ኦቦ ደቻሳ ሰምተው ሽማግሌ ላኩብኝ። እንዲያ ያለ ሽምግልና አይታችሁ አታውቁም። ከሳሽ የለም፤ ሁለት ተከሳሾች ብቻ። እኔ ቤቱ ይፍረስ ስል እሳቸው ከብቶቹ ይሸጡ ይላሉ። እኔ ጥፋቱ የእኔ ነው ስል እሳቸው ያልተናገርኩት እኔ ነኝ ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ማንን እንደሚገሥጹ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ አንደኛው፣ ሁለታችሁም እንዲህ ስትከባበሩ ከብቱ በጥም ሊያልቅ ነው አሉ። ፍርዱ ተሰጠ፤ አጥሩ ከላይም ከታችም ሰፊ በር ይከፈትለት፣ ከብቱ በግቢው መሐል ይለፍ፣ ከእንግዲህ በሁለታችሁ መሐል ሶዳነት ይቅርና አባትና ልጅ ሁኑ። እርጥብ ሣር ይዘን ተመረቅን። ኦቦ ደቻሳ ያን ቀን ቤቴ ገቡ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ዘረጉና ሐይቁን አዩ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ደስታዬን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም።

የአባትና ልጅነት ነገር ግን እንደ ሶዳነት አይመችም። እርስዎ የሚለው በማግስቱ ቀረ። በረንዳው ነፋስ ፊት ነው፣ ምን ዓይነት ሰው እዚህ ያዞረዋል? በሩ ዝቅ ብሏል። ሽንት ቤቱን ከውሃው በላይ የቆፈረው ማን ነው? ሁለት በጋ ሙሉ የመረቁት ቤት ለካ አንድም የወደዱለት ነገር አልነበረም። በበጋ ከብቶቹን ይዘው በየቀኑ ይመጣሉ፤ እኔም ካለሁ ወንበሩን ይይዙና ሥራውን ለእኔ ይተዉልኛል። ከሞተር ጩኸት ሸሽቼ የመጣሁት ሰውዬ ቅዳሜና እሑድ በር ስከፍትና ስዘጋ፣ እበት ስዝቅ እውላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከነቀምት የመጡ ሁለት ደንበኞቼን አስተናግድ ነበር። ከሸሚዜ በላይ ኮት ደርቤ፣ ስለ ሐይቅ ዳር ኑሮ፣ ስለ ንጹሕ አየር፣ ሰው ዕረፍት ማወቅ ስላለበት ሰፋ ያለ ማብራሪያ እየሰጠሁ ሳለ ከታች ከውሃው ዳር ኃይለኛ ጩኸት መጣ። ጥጃው በቆሎ ውስጥ ገባ፤ ያ ሰነፍ የት ነው ያለው? ካኢ፣ ጀቢ ዴቢሲ፤ ተነሥና ጥጃውን መልስ። እንግዶቼ ተሳቀቁ። ማን ናቸው? አሉኝ። አባቴ ናቸው አልኳቸው። አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኒህ ሰው እንዲህ የሚሰድቡት ምስኪን እረኛ ማን ነው? ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ ነኝ አልኩትና ኮቴን አውልቄ፣ ደረቴን ነፍቼ ሮጥኩ።