ጋሼ የድሮውና አዲሱ አልበም

አዲስ ነገር ሲያዩ ጥርሳቸውን የሚያማቸው ሰው የሌለበት ሰፈር እግዚአብሔር አልፈጠረም። የእኛ ሰፈር ድርሻ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ የድሮው» እንላቸዋለን። ዳቦ ሲቆርሱ፣ «የድሮው ሌላ ነው!» ዝናብ ሲጥል፣ «የድሮው ሌላ ነው!» አዲስ መነጽር ያደረጉ ቀን ደግሞ ጋዜጣውን አቅርበው አርቀው፣ «ፊደሉም ቢሆን የድሮው...» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ታዲያ አንዲት ስመ ጥር ዘፋኝ የወጣትነት ዘፈኖቿን እንደገና ተጫውታ፣ የሌሎችንም ጥቂት ጨምራ አልበም ስታወጣ፣ ክቡርነታቸው የስፌት መኪናቸውን አቁመው ፍርድ ሰጡ።

«የተሰፋ ፈትቶ መስፋት ምን ይሉታል?»

«ጋሼ፣ የእርስዎ እንጀራ እሱ አይደለም እንዴ?»

«የእኔማ ሲጠብ ነው! ዘፈኑ ማንን ጠበበው?»

የሚወዱትን ዘፈን ከአዲሱ አልበም በስልኬ ከፈትኩላቸው። ዘፋኟ ዝም ብላ ሙዚቃው ብቻውን የሚሄድበት ቦታ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ጋ ጎደለ።»

«ምን ጎደለ?»

«ጎደለ አልኩህ!»

ምንም አልጎደለም። ጠማማነት ነው ብዬ ለባለቤቴ አማኋቸው፤ ይቅር ይበለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በሬን አንኳኩ። ክሩ የተዘረገፈ ካሴት በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል።

«ቴፑ በላው» አሉ፤ ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም። እኔ ከአሮጌ መጽሐፍ ተምሬ ቴፕና ሬዲዮ እነካካለሁ።

ካሴቱን የቀዱት ድሮ፣ ቴፑን ከሬዲዮው ፊት ደቅነው፣ ቤቱን ሁሉ ጸጥ አሰኝተው ነው። ሙዚቃው ብቻውን ሲሄድ ግን ባለቤታቸው ከጓዳ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሻይው ቀዘቀዘ እኮ!» ብለው ተጣሩ። እሱም አብሮ ተቀዳ።

«ዘፈኔን አበላሸሽው ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኳት» አሉኝ። ሴትየዋ ካረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሌላ የተቀረጸ ድምፅ የላቸውም።

ካሴቱን ፈታሁት። ክሩ የተበጠሰው ከሻይው ጥሪ ቀጥሎ ነው፤ የባለቤታቸው ድምፅ ተርፏል። ቀጥሎ ያለው ግን ተጨማዷል። ካልተቆረጠ ቴፑ እንደገና ይይዘውና የሴትየዋንም ድምፅ ጎትቶ ይበላዋል። የተጨማደደው ደግሞ ዘፋኟ ድምፅዋን ሰማይ የምታደርስበት፣ ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን «ከዚህ ወዲያ ዘፈን አለ?» ሲሉለት የኖሩት ስንኝ ነው።

መቀሱን ይዤ ፈራሁ። «ጋሼ፣ ይህን ከቆረጥኩት የድሮው አይኖርም።»

መቀሱን ተቀበሉኝና ራሳቸው ቆረጡት። ቅንጣት አላዛነፉም። ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር አያይዤ፣ በልቤ ጸልዬ፣ ቴፑን አስነሣሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሻይው ቀዘቀዘ እኮ!»

ተመስገን! ቀጥሎ ዘፈኑ ያንን ስንኝ ዘሎ ሄደ። ቀና ብዬ ለማየት ድፍረት አጣሁ።

«የዘፋኟ ግድ የለም» አሉ ጋሼ የድሮው፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው እየጠረጉ። «ደግማ ዘፍናው የለም? በል ስልክህን አምጣና አዲሱን አሰማኝ።»