ጋሽ አምሳሉ በግምት አይጽፉም

በየሰፈሩ አንድ ቆጣሪ አይጠፋም። «ሠርጉ ላይ ሺህ ሰው ነበር» ብላችሁ ወሬውን ልታሞቁ ስትሉ፣ ከጥግ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፤ ሁለቱ ያልተጠሩ» የሚለው ሰው ነው። ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፤ የዕድር ወንበር ሲጎድል ግን መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው።

የእኛ የምሥራቅ ሰፈር ቆጣሪ ክቡር ጋሽ አምሳሉ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ አንብበዋል። በር ተዘግቶ ሲያገኙ ያለፈውን ወር አይተው በግምት አይሞሉም፤ በመዝገባቸው ረድፍ ላይ «በር ዝግ» ብለው ይጽፉና በማግስቱ ይመለሳሉ። እናቴ «አምሳሉ ያላየውን ጠብታ አይጽፍብሽም» ትል ነበር። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ጡረታ ሲወጡ የሚቆጠር ነገር አጡ። ከዚያ በኋላ ለሆነው ሁሉ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ወፎች አስተምራለሁ። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ከተማችን ዳር ባለው ታቦር ተራራ ላይ ሲናፈሱ አገኘኋቸውና ወደ ሰሜን የሚያልፉ ንስሮችና ጭልፊቶች አሳየኋቸው።

«ማነው የሚቆጥራቸው?»

«ማንም።»

ቤቱ በጠራራ ፀሐይ እንደተዘረፈ ሰው ደነገጡ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየወቅቱ ደብተር ይዘው ታቦር ላይ ይውሉ ጀመር።

ነገሩን ላስረዳ፤ ማስረዳቱ ራሱ ደስ ይለኛል። እነዚህ ወፎች የሰሜኑ ብርድ ሲከብድ ወደ እኛና ከእኛም በታች ወዳለው አገር ይወርዳሉ። በየካቲት ማብቂያና በመጋቢት ደግሞ ለመራባት ይመለሳሉ። ያን ሁሉ መንገድ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ቢሄዱ ይደክማቸዋል። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ፣ እስከ ሦስት ተኩል አራት ሰዓት ድረስ ይጠብቃሉ። ትኩሱ አየር ሲነሳ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ክብ እየሠሩ፣ ነጥብ እስኪያህሉ ድረስ ይወጣሉ። ከዚያ አንዱ ይለያል፤ ሌሎቹ ይከተሉታል፤ ተሰልፈው ወደ ሻሸመኔ አቅጣጫ ይንሸራተታሉ። ሐይቃችን ላይ እንዲህ ያለ አየር እምብዛም ስለማይነሳ ዳር ዳሩን ይይዛሉ። ታቦርም ያለው እዚያው ዳር ነው።

የቆጠራው ሕግ ቀላል ነው፦ ሲዞሩ አይቆጠርም፤ ሲሄዱ ነው። የሚዞር ወፍ ሦስቴ ሊቆጠር ይችላላ! ደግሞ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አለ። በአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አንጀት ሲጠብቅ የሚውለው ያ ራሰ በራ በዚያው ትኩስ አየር አብሯቸው ይወጣል። ላየው ሰው መንገደኛ ይመስላል፤ ለምሳ ግን ይመለሳል። አንድ ዓመት ተማሪዬ ፊልሞን አሥራ አንድ አባ ኮዳ ወደ ሰሜን ሸኘ።

«አየህ ወይስ መሰለህ?» አሉት ጋሽ አምሳሉ። በሰፈራችን ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ ሰው የለም።

«ኧረ አየሁ፣ ጋሼ! ወደ ሁለት መቶ ንስርም አልፏል።»

«ወደ የሚባል ንስር የለም።»

«እሺ፣ ሁለት መቶ።»

«አሁን ደግሞ ዋሸህ።»

ደብተራቸው ለየቀኑ አንድ ረድፍ አለው፤ ሰማይ፣ ነፋስ፣ ቁጥር። ምንም ሳያልፍ ከዋለ ዜሮ ይጻፋል። ዜሮ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ አንጋጦ ውሎ «የለም» ብሎ መስክሯል ማለት ነው። ባዶ ግን ባዶ ነው፤ ማንም አያውቅም። ይህን ዛሬ ክፍል ውስጥ እንደ ራሴ አስተምረዋለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዜሮ እንጂ ባዶ ቀን አልነበራቸውም። ወባ ይዟቸው እንኳ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው በባጃጅ እስከ ተራራው ሥር ሄደዋል። የልጃቸው የሶሊያና ሠርግ «ሰው ይጠብቃል፤ ንስር አይጠብቅም» ተብሎ ከመጋቢት ወደ ግንቦት ተገፋ። አሥረኛው ዓመት ሲሞላ ደብተሩን ሊሰጡኝ ቃል ገብተዋል። «ባዶ ካለበት ግን ለማንም አልሰጥም» ብለዋል። እውነቱን ለመናገር በዚህች ከተማ ከዚያ ደብተር የበለጠ የምመኘው ነገር አልነበረም።

በአሥረኛው ዓመት፣ መጋቢት አሥራ አንድ ንጋት ላይ፣ እናቴ ዐረፈች።

ድንኳኑ ሲተከል ጋሽ አምሳሉ ከዕድሩ ወንበሮች ጋር አብረው መጡ። ቆጠሩ፤ መቶ ሃያ። ከዚያ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ሲል ቀስ ብለው ይወጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ገና ሳይነሱ በልቤ ይቅር ብያቸው ነበር። አልተነሱም። አራት ሰዓት ላይ ደጅ የነበረው ፊልሞን እየሮጠ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ።

«ጋሼ፣ ከጣሪያው በላይ ናቸው! እንዲህ በዝተው አይቼ አላውቅም። ይሂዱ እንጂ፣ ወንበሩን እኔ እቆጥርልዎታለሁ።»

«ወንበሩ ተቆጥሯል» አሉት።

በድንኳኑ ክፍት በኩል አንዴ ቀና አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን መለሱ። አባቴ ከእናቴ ጋር ከተጋቡበት ቀን የሚጀምር አንድ ነገር ሊነግራቸው እየሞከረ፣ እየተቋረጠበት፣ እንደገና እየጀመረ ነበር። እስከ ማታ አዳመጡት።

ወቅቱ ሲያልቅ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው ቤት ድረስ አመጡልኝ።

«ባዶ ካለበት አልሰጥም ብለው አልነበር?» አልኳቸው።

«ብዬ ነበር» አሉና ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ፊልሞን ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ እዚያች ቀን ላይ ቆመ። «መምህርት፣ የአሥርንና የአሥራ ሁለትን ወስደን በአማካይ እንሙላው? ብዙ ወፍ እንዳለፈ እኮ እኔው አይቻለሁ።»

«ሲሄዱ ቆጠርክ?»

«አልቆጠርኩም፣ ግን…»

«አይነካም» አልኩት። ድምፄ የማንን እንደመሰለ ሁለታችንም ሰማን።

ረድፉ እንዳለ ነው። በእሳቸው ቀጥ ያለ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «መጋቢት 11። ሰማይ፦ ጥርት ያለ። ነፋስ፦ ከደቡብ። ቁጥር፦ በር ዝግ።»

የዚያን ቀን የእኛ በር ከንጋት እስከ ማታ ክፍት ነበር። እሳቸውም ውስጥ ነበሩ።