ሙሽራዋ አልቀመጥም ስትል

ሰው ሠርግ ቤት ገብቶ ወንበር ሲመርጥ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ማየት እወዳለሁ። አንዱ ወጥ ቤቱን ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ሌላው ከድምፅ ማጉያው ይሸሻል። «የትም ልቀመጥ፣ ግድ የለኝም» የሚለው ደግሞ የትም ብታስቀምጡት ዓመት ሙሉ ያኮርፋችኋል። ይህ ሁሉ ስሌት ከየት እንደሚመጣ እስካሁን ይገርመኛል።

መርሳ ላይ ጎረቤቶቼ ትርንጎን ሲድሩ እንግዳ አስቀማጭ አደረጉኝ። መምህር ነኝና፣ ለፈተና ተማሪ የሚደለድል ሰው ሠርግ አያቅተውም ተባለ። እንዳይኮራረጁ ነው እንዴ የማስቀምጣቸው?

እኛ ዘንድ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ በአንድ ቤት ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። ስለዚህ ድግስ ሲደገስ ሁለት በሬ ይታረዳል፤ አንዱን ክርስቲያን፣ ሌላውን ሙስሊም ይባርከዋል። ወጥ ቤቱም ዳሱም ሁለት ይሆናል። ማንም በማዕድ አይሳቀቅም፤ ጭፈራው ላይ ግን ሁላችንም አንድ ነን።

ትርንጎን ያሳደጓት አጎቷ ጋሽ ይመር ሙስሊም ናቸው። እህታቸው ክርስቲያን አግብታ ክርስትና ተነሥታ ነበር። እሷም ባሏም ሲሞቱ ጨቅላዋን ወሰዱና፣ በወላጆቿ እምነት፣ እሑድ እሑድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር እያደረሱ አሳደጓት። እኔም ክብራቸውን አውቄ በሙስሊሞቹ ዳስ ከራስጌ፣ ምንጣፍ አስነጥፌ፣ ሶፋ ላይ አስቀመጥኳቸው። መረቁኝ። ለሙሽሮቹ ደግሞ በወዲያኛው ዳስ አበባ ያጌጠ ወንበር ተዘጋጅቷል።

ከወልድያ የመጡት ሚዜዎች ሙሽራውን አጅበው ገቡ። እንግዳው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ሙሽራው ተቀመጠ፤ ከጓዳ ወጥታ አጠገቡ የደረሰችው ትርንጎ ግን አልተቀመጠችም። ሙሽራ ሳትቀመጥ ማን ይቀመጣል? ዳሱ በሙሉ ቆሞ ቀረ። ጫማው ጠቧት ይሆን? ወይስ አንዱ ዘመድ ተረስቶ? ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት።

«አባባ ሳያጎርሱኝ አልቀመጥም፤ ከዚህ ቤትም አልወጣም» አለችኝ፣ ዕንባዋ ኩሏን እየወሰደው። ጋሽ ይመርን ማለቷ ነው።

ጉድ ፈላ! ከየትኛው ወጥ ነው የሚያጎርሷት? የሳቸውን ሥጋ እሷ አትበላም፤ የሷን እሳቸው አይነኩም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዳቦ ይሁን አሉ፤ ማር ይሻላል ያለም ነበር። ልጅቷ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ ሙሽራውም መኪናው ይጠብቃል ለማለት ፈርቶ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ።

ጭቅጭቁ ጋሽ ይመር ጆሮ ገባ። ከሶፋቸው ተነሥተው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡና ወጥ ሠሪዋን ሽሮ እንዳለ ጠየቋት። በሠርግ ቤት ሽሮ የት አባቱ ይገኛል! ከጎረቤት በጥድፊያ ተሠርቶ መጣ። እሳቸው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ እሷም ያኔ ተቀመጠች።

«እሷ ለብቻዋ እንዳትበላ ብዬ እቤቴ ሥጋ ማስገባት ከተውኩ ቆየሁ» አሉ ለተሰበሰበው ሰው። «እኔና ልጄን ያኖረን ይኼ ነው።»

ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ትሪ ለመብላት ሥጋ መተዋቸውን፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታቸው እኔ እንኳ አላውቅም ነበር። አንጀቴን በሉት። ጠቅልለው አጎረሷት፤ ሙሽራውም ሳይጠሩት አፉን ከፍቶ ተራውን ጠበቀ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ሚዜዎቹ፣ ከሁለቱም ዳስ ወንበሩን እያነሣ የማይመጣ ጠፋ።

ሁለት በሬ በታረደበት ሠርግ ሙሽሮቹ ሽሮ በልተው ሄዱ። በምንጣፉና በሶፋው ላይ ማን እንደተቀመጠ እንዳትጠይቁኝ። እኔም ትሪው ጋ ነበርኩ።