ክቡር አቶ ግማሽ እና የልጃቸው ዓይን

ትዳር በፈረሰበት ቤት ሁሉ አንድ አቶ ግማሽ አይጠፉም። ዳኛ «ከወር ተቆራጩ ሌላ ለልጃችሁ የሚወጣውን እኩል ተካፈሉ» ሲላቸው፣ ልጅ የምትለዋን ቃል ችሎት ረስተው «እኩል»ን ብቻ ይዘው የወጡ ሰው ናቸው።

አንዲት ልብስ ሰፊ እናት የቀድሞ ባሏን በዚህ ማዕረግ የሾመችው ከምሬት የተነሳ ነው። ክቡርነታቸው መካኒክ ናቸው። ደንበኞቻቸውን «ትንሽ ድምፅ ከሰማችሁ ሳይብስ አምጡት» እያሉ ይመክራሉ። የገዛ ልጃቸውን ጥርስ ሲያማት ግን «የወተት ጥርስ አይደል? ራሱ ይወልቃል» አሉ። ቦርሳዋ ሲቀደድ «አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽ እንዴ?» አሉ።

ደግሞ የሚያናድደው፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ግማሻቸውን አስቀርተው አያውቁም፤ እስኪከፍሉ ድረስ ግን አሳር ያበላሉ። «ሳታማክሪኝ ለምን ገዛሽ?»፣ «ደረሰኙ የታለ?»። እሷም ብትሆን የዋዛ አይደለችም። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስለ አንድ ደርዘን እርሳስ ስትሟገት ታመሻለች። ልጅቷ እዚያው፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

አንድ ቀን መምህሯ «ከሰሌዳ ስትገለብጥ ትሳሳታለች፤ ዓይኗን ሐኪም አሳዩላት» አለች። እናት ደወለች።

«ትምህርት ቤት ሲመረመሩ ደህና ናት ተብሏል እኮ» አሉ አቶ ግማሽ። «እኔ በዓይኔ ካላየሁ አልከፍልም።»

ሦስቱም ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ልጅቷ ተራዋ ሲደርስ ወንበሩ ላይ ወጣችና የግድግዳውን ፊደላት ከላይ እስከ ታች አንበለበለቻቸው። አባት «አላልኩሽም?» በሚል ፊት ወደ እናት ዞሩ። ሐኪሟ ግን ምን እንደጠረጠረች እንጃ፣ የፊደል ሰሌዳውን በሌላ ቀየረችው። ልጅቷ አንድም ፊደል መለየት አቃታት።

«የቅድሙን እንዴት አነበብሽው፣ የኔ ቆንጆ?»

«ከእኔ በፊት የገቡት ሴትዮ ሲያነቡ ውጭ ሆኜ ሰምቼ በቃሌ ያዝኩት። ትምህርት ቤትም እንደዚያ ነው ያደረግኩት።»

«ለምን?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። «መነጽር ከታዘዘልኝ ይጣላሉ።»

እናት ለዓመታት «አየህ?» የምትልበትን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። ቀኑ ደረሰ፤ አፏ ግን አልታዘዝ አላት። ይህን ጥፋት እኩል ለመካፈል ዳኛም አላስፈለጋቸው።

መነጽሩን ሊወስዱ የመጡ ዕለት አባትየው ስለ ዋጋው ትንፍሽ አላለም። ታጥቦ ታጥቦ ጥቁረቱ ባልለቀቀው ጣቱ ክፈፉን ከልጁ ጆሮ ጀርባ አስተካከለ። «ያምሻል? ካመመሽ ንገሪኝ፤ ማንም አይቆጣሽም» አላት። ልብስ ሰፊዋን አንጀቷን በላት። አንድ ጊዜ ይህን እጅ ወዳው ነበር፤ ዛሬም ጨርሳ እንዳልጠላችው ማወቋ አበሸቃት።

«አያምም» አለች ልጅቷ። አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን በመነጽሩ መስታወት ውስጥ አጥርታ አየቻቸው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀችና በጥንቃቄ ወደ ማኅደሩ መለሰችው።

«ትምህርት ቤት ብቻ ነው የማደርገው» አለች፤ «ቶሎ እንዳያረጅባችሁ።»